መርከቡን ተዉትና ወደቡን ጻፉልኝ

(በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ፣ ለሳይንስ ልቦለድ አንባቢዎችና ጀማሪ ጸሐፍት የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ? ኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? እሺ፣ ጎሽ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሜክሲኮ በእግሩ የመጣ ሰው እንዳለም አይቻለሁ፤ ጫማው ይናገራል። (ሳቅ)

የመድረክ መሪያችን «ጋሼ፣ ስለ ጠፈር ንግድ ይንገሩን» ብላ ስትደውልልኝ ሌላ ሰው የፈለገች መሰለኝ። እኔ ትራንዚተር ነኝ። እንጀራዬ ዕቃ ከጉምሩክ ማውጣት ነው። ርቄ ሄድኩ የምለው ጅቡቲ ነው። ሙቀቱን ለሚያውቅ ግን ጅቡቲም ሌላ ፕላኔት ነው። (ሳቅ)

በኋላ ጽሑፎቻችሁን በቴሌግራም ላከችልኝ። ሁሉንም አነበብኩ። ጥሩ ትጽፋላችሁ፣ እውነቴን ነው። ፍቅሩ አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ ሁለት ፀሐይ የምትጠልቅበት ምሽት አለ። መርከብማ ሞልቷል። የአንዳችሁ መርከብ አምስት ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዚህ ተነስቶ ስድስት ኪሎ ሊደርስ ምን ቀረው? ጭነቱስ ምንድን ነው? «ሸቀጥ» ይላል። በቃ፣ ሸቀጥ። የምን ሸቀጥ? ማን ላከው? ለማን? ማን አወረደው? የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ማን ሞላው? (ሳቅ) ሳቁ፣ ሳቁ! እኔ ግን የምሬን ነው።

ዛሬ የማነሳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምን ይጫናል? ሁለተኛ፣ መርከቡ ምን ያህላል? ሦስተኛ፣ ማን ማንን ያምናል? ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ እችላለሁ። ሰዓት ከገፋሁባችሁ አጨብጭቡና አስወርዱኝ።

እሺ፣ አንደኛ። ምን ይጫናል?

ከፀሐይ ቀጥላ ለእኛ የምትቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ናት። ርቀቷ 4.24 የብርሃን ዓመት ነው። ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። የእኛ ዕቃስ? ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር በ1977 እ.ኤ.አ. ነው የመጠቀችው። አሁን ከፀሐይ የምትርቀው በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት 4.24 የብርሃን ዓመት ለመጨረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። የትኛው ደንበኛ ነው ይህን የሚጠብቀው? እኔ ለሁለት ሳምንት መዘግየት ስንት ስድብ ጠጥቻለሁ!

ስለዚህ ቸር እንሁን። መርከባችሁ በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ይሂድ። 42 ዓመት ይፈጃል። ይህ ጥሩ ነው፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያልቃል። ግን ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

እስቲ አንድ ኪሎ ቡና እንላክ። አንድ ኪሎ ብቻ። ያንን ኪሎ ቡና ወደዚያ ፍጥነት ለማድረስ የሚያስፈልገው ኃይል 125 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቁጥሩ ምንም አልነገራችሁም አይደል? እኔንም አልነገረኝም። ከዓባይ ግድብ ጋር ሳስተያየው ነው የደነገጥኩት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድባችን የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው አንድ ሙሉ ቀን ቢሽከረከሩ፣ ያ ነው 125 ሚሊዮን ገደማ። አንድ ኪሎ ቡና፣ አንድ ቀን ሙሉ ዓባይ! ሲደርስ ደግሞ መቆም አለበት። ጠፈር ላይ ፍሬን የለም። ለማቆም ሌላ አንድ ቀን ዓባይ።

አሁን እኔ በማውቀው መጠን እንጫን። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። 19,200 ኪሎ ነው። 19,200 ቀን ማለት 52 ዓመት ተኩል ነው። ከነማቆሚያው 105 ዓመት። አንድ ኮንቴነር ቡና ለመላክ ግድቡ 105 ዓመት ሌላ ሥራ ሳይሠራ፣ አንድ አምፖል ሳያበራ! ያውም የመርከቡ ክብደት ሳይቆጠር፣ የነዳጁ ክብደት ሳይቆጠር፣ የሚባክነው ሳይቆጠር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቡና አይሄድም። ብረት አይሄድም። ስንዴ አይሄድም። «ማዕድን ጭኖ የመጣ መርከብ» ብላችሁ የጻፋችሁ ልጆች አላችሁ። ስም አልጠራም። ብረት እኮ እያንዳንዱ የኮከብ ጎረቤት ውስጥ አለ። ድንጋይ ፍለጋ 42 ዓመት የሚሄድ ነጋዴ ነጋዴ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሄዳል? መልእክት ይሄዳል። ይህን በደንብ ያዙልኝ። መልእክት በብርሃን ፍጥነት በ4.24 ዓመት ይደርሳል። ዕቃው 42 ዓመት። እንግዲህ በመልእክት ሊላክ የሚችል ሁሉ በመልእክት ይላካል። የማሽን ንድፍ፣ የመድኃኒት ቀመር፣ ዘፈን፣ ልቦለድ። የቡናው ዘረመል እንኳ በፊደል ተጽፎ ይላክና እዚያው ይበቅላል። በመርከብ የሚሄደው ሊገለበጥ የማይችለው ነው። ሰው። ዋናው ቅጂ። አንድ ብቻ የሆነ ነገር።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። እዚያ ያበቀሉት ቡና «ይርጋጨፌ» ይባላል ወይስ አይባልም? ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ። አገራችን ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነስታ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው ስምምነት የተደረሰው። ክርክሩ በስም ላይ ነበር፣ ከረጢት አልተቆጠረም። በከዋክብት መካከል ከስም የበለጠ ቀላል ጭነት የለም። ክብደቱ ዜሮ ነው። የሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጅን፣ ማለትም ዕቃው የየት አገር እንደሆነ የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ሰጪ መሥሪያ ቤት ልቦለዳችሁ ውስጥ ቢኖር እኔ ተሰልፌ እገዛዋለሁ።

ደግሞ ርቀት ራሱ ዋጋ ይሰጣል። አሞሌ ጨው ከአፋር ሜዳ ላይ ተቆርጦ ሲወጣ ርካሽ ነበር። ወደ ደጋ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ይህንን ጽፎታል። ጨዋማነቱ አልተለወጠም። የተለወጠው የመንገዱ ርዝመት ነው። ከምድር 42 ዓመት የተጓዘች አንዲት ተራ የሸክላ ስኒ እዚያ ምን ታወጣለች? ይህንን ለእናንተ ትቻለሁ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የመርከቡ መጠን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ወጣት ሳለሁ ሁለት ደንበኞች በአንድ ሳምንት መጡ። አንደኛው ሴራሚክ አስመጥቷል። ሁለተኛው የስፖንጅ ፍራሽ። የሴራሚኩ ሰውዬ ኮንቴነሩ ሲከፈት ግማሹ ባዶ ነው። «ሰረቁኝ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልሰረቀውም። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ከነጭነቱ ከ30 ቶን ብዙም አይዘልም፤ ሴራሚክ ደግሞ ወገብ ሳይሞላ ያንን ይደርሳል። የፍራሹ ሰውዬ በተቃራኒው ኮንቴነሩ እስከ ጣሪያው ጢም ብሎ ክብደቱ ምንም ነው። ሁለቱም የሚከፍሉት ለአንድ ሣጥን ነው። በአውሮፕላን ቢሆን ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ከያዝክ ቢያንስ የ167 ኪሎ ትከፍላለህ፣ ላባም ብትጭን።

በጠፈርስ? በጠፈር ቦታ በነፃ ነው። አየር የለም፣ ማዕበል የለም። ጣሪያና ግድግዳ እንኳ አያስፈልግም፤ ዕቃውን ውጭ ማሰር ይቻላል። የሚያስከፍለው ክብደት ብቻ ነው። ዓባይን አስታውሱ፣ በኪሎ ነው ያሰላነው። የፍራሹ ሰውዬ በጠፈር ንጉሥ ነው። የሴራሚኩ ሰውዬ ይከስራል። ስለዚህ «መርከቡ አምስት ኪሎ ሜትር ይረዝማል» ስትሉኝ እኔ የምጠይቀው ስንት ቶን ነው ብዬ ነው።

ቅርፁም የራሱ ሕግ አለው። በዚያ ፍጥነት ስትበሩ ፊት ለፊት አቧራ አለ። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። አንዲት የጤፍ ፍሬ አስቡ። ሺህ ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም። መርከባችሁ በብርሃን አንድ አሥረኛ ፍጥነት ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ጋር ቢጋጭ የሚወጣው ኃይል ከ30 ኪሎ ቲኤንቲ ፍንዳታ ጋር ይተካከላል። አንዲት ጤፍ! ስለዚህ ፊት ለፊቱ ጠባብ መሆን አለበት። ፊቱ ላይ ወፍራም ጋሻ፣ ከኋላው ጭነቱ ተራ በተራ ተቀጣጥሎ፣ ቀጭንና ረጅም። ያ የአምስት ኪሎ ሜትሩ መርከብ ደራሲ፣ ርዝመቱ ላይ አልጣላህም። ወርዱ ላይ ነው ጠቤ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የመርከብን መጠን የሚወስነው ማነው? ሞተሩ ነው? ካፒቴኑ ነው? ባለሀብቱ ነው? አይደለም። ወደቡ ነው። በሩ ነው። የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ነው።

የፓናማ ቦይ በ1914 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የውኃ በሮቹ ወርድ 33.5 ሜትር ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በሌላው የዓለም ጫፍ ያሉ መርከብ ሠሪዎች ወርዱ 32.3 ሜትር የሆነ መርከብ መሥራት ጀመሩ። ግራና ቀኝ ክንድ ክንድ ያህል አስተርፈው። ፓናማክስ ይባላል። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ 55 ሜትር የሚሰፉት አዲሶቹ በሮች እስኪከፈቱ፣ ያቺ ጠባብ በር ነበረች የመርከብን ወገብ ስትለካ የኖረችው። የስዊዝን ቦይ ደግሞ ታስታውሳላችሁ። ኤቨር ጊቭን፣ 400 ሜትር ርዝመት፣ 59 ሜትር ወርድ፣ ከ20,000 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የምትይዝ መርከብ፣ መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ቦዩ ላይ ተጋድማ ስድስት ቀን ዓለምን አስቆመች። የእኔ ስልክ ያን ሳምንት አላረፈም። «ዕቃዬ ከኋላዋ ነው ወይስ ከፊቷ?» የሚል ደንበኛ ብቻ።

ስለዚህ ታሪካችሁ ውስጥ በጠፈር ላይ የሚከፈት በር ካለ፣ አቋራጭ ቀዳዳ ካለ፣ ወርዱን ንገሩኝ! ማን ቆፈረው? ቀረጥ ማን ይሰበስባል? አንድ መርከብ ቢሰነቀርበትስ? በሩ 30 ሜትር ከሆነ መርከባችሁ 29 ሜትር ነው። አለቀ። ከተማ የሚያህል መርከብ የለም።

በሩ ሰፊ ነው እንበል። እሺ፣ ይሁን። አሁን እናውርድ። ያንን የአምስት ኪሎ ሜትር መርከብ እንውሰድ፤ ደራሲው እንዳለው በወርዱም በቁመቱም አሳድገነው። ከኤቨር ጊቭን በ12 እጥፍ ተኩል ይረዝማል። ወርዱም ቁመቱም በዚያው ልክ ካደገ የሚይዘው ወደ 2,000 እጥፍ ይጠጋል። ወደ 40 ሚሊዮን ኮንቴነር ነው። አንድ የወደብ ክሬን በሰዓት 30 ገደማ ያነሳል። በአንድ ክሬን ከ150 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዕቃው በ42 ዓመት መጥቶ 150 ዓመት ሲወርድ! (ሳቅ) ሺህ ክሬን አምጡ። ሺህ ክሬን ሌት ተቀን ሠርቶ ሁለት ወር ገደማ። ከዚያ መኪና። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሁለት ባለ 20 ጫማ ነው የሚጭነው። 20 ሚሊዮን ምልልስ ነው። የሞጆን መንገድ የሚያውቅ ሰው አሁን እያለቀሰ ነው።

ያ ሁሉ ሸቀጥ ገበያ ሲገባስ? የመላው ዓለም ወደቦች በዓመት ከ800 ሚሊዮን በላይ ኮንቴነር ነው የሚያስተናግዱት። ከዚያ ውስጥ አንድ ሃያኛው በአንድ ጠዋት ሲመጣ የዕቃው ዋጋ ምን ይሆናል? ይሞታል። መርከቡ ገና ምሕዋር ላይ ሳለ ነጋዴው ከስሯል።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ነፍሱን ይማርና ሳቂታ ሰው ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ጃንጥላ አዘዘ፣ ሙሉ ኮንቴነር። መርከቡ ዘገየ፣ ወረቀቱ ዘገየ፣ ጃንጥላው ሞጆ ደረቅ ወደብ የገባው አደይ አበባ ፈክቶ ነው። ዘመዶቹ «ለፀሐይ ብለህ ሽጠው» አሉት። እሱም ሸጠው፣ በግማሽ ዋጋ። ይህ እንግዲህ የጥቂት ወራት መዘግየት ነው። በከዋክብት መካከል ትዕዛዙ ራሱ በመልእክት ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ዕቃው 42። ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ 46 ዓመት። ያዘዘው ወጣት ጡረታ ወጥቶ ይረከባል። ወይ ልጁ ይረከባል፣ «አባቴ ይህን ለምን አዘዘ?» እያለ። ይህ ራሱ ልቦለድ አይደለም እንዴ?

እዚህ ላይ ልቤ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ያነበብኳቸው የጠፈር ንግድ ታሪኮች፣ የእናንተም የሌሎችም፣ ሁሉም የተጻፉት ከመርከቡ ላይ ነው። ካፒቴኑ አለ፣ መስኮት አለ፣ ከዋክብት አሉ። ከወደቡ ማዶ ሆኖ ዕቃውን የሚጠብቅ ሰው ግን የለም። እኛ እኮ እሱን እናውቀዋለን! እኛ ራሳችን ነን! ወደብ የሌለው አገር ሰው ስለ ንግድ የሚያውቀው ባለ ወደቡ የማያውቀው ነገር አለ። ዲመሬጅ፣ ማለትም ዕቃ ወደብ ላይ ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ እያንዳንዱን ቀን ሲቆጥር እንዴት እንቅልፍ እንደሚነሳ ያውቃል። የራሱ ዕቃ በሌላ ሰው ግቢ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማ ያውቃል።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ እኔ ገና ተላላኪ ነበርኩ። ቢሯችን ለገሃር ነበር። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ዕቃችን የሚገባው በአሰብ ነው። ያ መንገድ ተዘጋ፣ ዕቃው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ፎርሞቻችን ላይ ሁሉ «አሰብ» የሚል ታትሟል። አዲስ እስኪታተም በእስክሪብቶ እየሰረዝን «ጅቡቲ» እያልን ጻፍን። ሌሊት ድረስ። ባሕር ላይ ያለ ዕቃ መድረሻው ተቀየረ። ሹፌሮች የማያውቁት መንገድ ላይ ወጡ። ይህንን ያየ ሰው «በሩ በድንገት ተዘጋ» የሚል ምዕራፍ ሲያነብ ፍንዳታውን አይደለም የሚያስበው። እስክሪብቶውን ነው።

እስቲ ወደብ የሌላት ፕላኔት ጻፉልኝ። ትልልቅ መርከቦች ፕላኔት ላይ አያርፉም፣ ይህን ታውቃላችሁ። ምሕዋር ላይ ይቆማሉ፤ እዚያ የሚዞር ዕቃ በሰከንድ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው የሚበረው፣ ያንን ሁሉ አብርዶ ማውረድ የራሱ ዓለም ነው። ስለዚህ ወደቡ ሰማይ ላይ ነው። የማን ነው? የጎረቤት ፕላኔት ቢሆንስ? ኪራዩን ቢጨምርስ? ሕዝቡ ተርቦ እህሉ ከራሱ ላይ ምሕዋር ውስጥ ሲዞር በዓይኑ የሚያይበት አገርስ? መርከቡን ተዉትና ወደቡን ጻፉልኝ የምለው ለዚህ ነው።

ሰዓት እንዴት ነው? ... ታገሱኝ፣ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ማን ማንን ያምናል?

ንግድ ማለት እምነት ነው ብዬ ስብከት አልጀምርም። ወረቀት ነው የምለው። ቢኤል አለ፣ የዕቃው መጫኛ ሰነድ፤ ኤልሲ አለ፣ ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ደብዳቤ፤ ኢንሹራንስ አለ። እነዚህ ወረቀቶች የተፈጠሩት ሻጭና ገዢ ስለማይተዋወቁ ነው። ባንኩ መሐል ይገባል። አሁን ሻጭና ገዢ 4.24 የብርሃን ዓመት ሲራራቁ አስቡ። «ዋጋ ቀንስ» ብሎ ለመጠየቅ አራት ዓመት፣ «አልቀንስም» የሚል መልስ ለመስማት አራት ዓመት። መርካቶ ላይ እንደዚህ ብንከራከር አንድ ሸሚዝ ሳንገዛ እናረጃለን።

ግን አያቶቻችን ይህንን ችግር ፈትተውት ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ፣ ኋላ የመነኮሰ፣ የአክሱም ወደብ ወደነበረችው አዱሊስ መጥቶ ነበር። እሱ የጻፈው እንዲህ ነው። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎችን ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይልካል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ። በሬውን ያርዱና ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው የፈለጉት ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጠው ይርቃሉ። ባለ ዕቃው ይመጣል። ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፣ ያኛው መጥቶ ዕቃውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን አይነካም። ሰውዬው ተመልሶ ሲያይ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንስቶ ይሄዳል። አንድ ቃል አልተነገረም። ቋንቋ አይግባቡም፣ አስተርጓሚ የለም። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጃል።

አያችሁ? ከባዕድ ፍጡር ጋር የሚደረግ ንግድ ይኸው ነው! ተርጓሚ ማሽን ፈጥራችሁ ጆሮ ላይ ከምትሰኩ፣ ያንን የእሾህ አጥር ምሕዋር ላይ አጥሩልኝ። ዕቃውን አስቀምጦ መራቅ። መጠበቅ። ያላነሳው ወርቅ ምን ማለት እንደሆነ መተርጎም።

ስለ ወለድ ደግሞ ቃል ባልገባም እነግራችኋለሁ። ነጋዴ አንድ ሚሊዮን ብር ተበድሮ ዕቃ ጫነ። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ፣ ወለድ በወለድ ላይ። መርከቡ 42 ዓመት ሄደ። ዕዳው ከ54 ሚሊዮን በላይ ነው። ዕቃው ሲደርስ ቢያንስ በ54 እጥፍ ካልተሸጠ ነጋዴው መሬት መንካት የለበትም፣ እዚያው ይቅር።

መርከቡ በጣም ሲፈጥን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሰዓት ይለያያል። በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ የሚሄድ መርከብ ፕሮክሲማ ለመድረስ በእኛ ሰዓት ከአራት ዓመት ከሦስት ወር በላይ ይፈጅበታል። በመርከቡ ውስጥ ላለው ካፒቴን ግን ሰባት ወር ገደማ ብቻ ነው ያለፈው። ካፒቴኑ ባንክ ይገባል። «የሰባት ወር ወለድ ልክፈል» ይላል። ባንኩ «የአራት ዓመት ከሦስት ወር» ይላል። ማን ነው ትክክል? እጅ አውጡ እስቲ፣ ካፒቴኑ የምትሉ? ... ባንኩ የምትሉ? ... አዳራሹ ተከፍሏል።

ይህን ጥያቄ ቁጭ ብሎ ያሰላ ሰው አለ። ፖል ክሩግማን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር። በ1978 እ.ኤ.አ. ገና ወጣት መምህር ሳለ በከዋክብት መካከል ስላለ ንግድ እየቀለደም እያመረረም ጥናት ጻፈ፣ የታተመለት ግን በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። መልሱ፣ ባንኩ ትክክል ነው። ምክንያቱም ያ ገንዘብ መርከብ ላይ ባይጫን ኖሮ ፕላኔቱ ላይ ተቀምጦ በፕላኔቱ ሰዓት ይወልድ ነበር። ወለድ የሚቆጠረው በፕላኔቱ ሰዓት ነው። የካፒቴኑ ደመወዝስ? እሱ የሠራው ሰባት ወር ነው። የሰባት ወር ይከፈለዋል። ቤት ስትጠብቀው የኖረችው ሚስቱ ግን የቤት ኪራይ የከፈለችው አራት ዓመት ከሦስት ወር ነው። የመርከበኞች ማኅበር አድማ መምቻ ምክንያት ከፈለጋችሁ ይኸው፣ በነፃ።

የመጨረሻ ነገር። ጄኔራል አቬሬጅ የሚባል ነገር ሰምታችኋል? አልሰማችሁም፤ የሰማ ሰው ፊቱ ያስታውቃል። መርከብ አደጋ ሲገጥማት ካፒቴኑ መርከቧን ለማዳን የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ባሕር ላይ ይጥላል። ዕቃቸው የተረፈላቸው ሁሉ ተዋጥተው ዕቃው ለተጣለበት ይከፍላሉ። ከጥንት የሮድስ ደሴት ሰዎች ወደ ሮማውያን ሕግ የገባ ነው። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግም ያውቀዋል። የኤቨር ጊቭን ባለቤትም ይህንኑ ነው ያወጀው። ምንም ያልደረሰበት ዕቃ ያለው ሰው ሳይቀር ዋስትና ካላስያዝክ ዕቃህን አትወስድም ተባለ።

አሁን በጠፈር አስቡት። መርከቡ 40 ዓመት ተጉዞ ሊያቆም ሲል ነዳጁ አይበቃም። ክብደት መቀነስ አለበት። ካፒቴኑ የማንን ኮንቴነር ነው የሚፈታው? የተፈታው ኮንቴነር አይቆምም እኮ! በብርሃን አንድ አሥረኛ ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከፊቱ ማን እንዳለ አታውቁም፤ የአንዲት ጤፍ ጉዳት ቅድም ሰምታችኋል፣ ይህ ሙሉ ኮንቴነር ነው። መዋጮውን ማን ያሰላል? ባለ ዕቃዎቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ወራሾቻቸው በሁለት ፕላኔት ተበትነዋል፣ ጠበቆቹ አንድ ደብዳቤ ለመለዋወጥ ስምንት ዓመት ተኩል ይፈጅባቸዋል። ኮንቴነሩ ደግሞ አሁንም እየበረረ ነው።

ይህንን የሚጽፍ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ረቂቁን አምጣልኝ፣ አምጪልኝ። ወረቀቱን እኔ አይላችኋለሁ፤ ቢኤሉ ላይ ስሕተት ካለ አልለቅም። ማክያቶው በእኔ ነው።

በሉ፣ ጥያቄ። እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ቅድም ለካፒቴኑ እጅህን ያወጣኸው ልጅ፣ ማይኩን ስጡት።